ተፎካካሪ ዱቄት ፋብሪካ በብድር ገዝተን ሽያጫችን እጥፍ ሊሆን ደረሰ፣ ትርፋችን ግን ቀነሰ፤ ብሩ የት ገባ?

የናዝሬት ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ ሂሳብና ፋይናንስ የምታውቁ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው፣ ትንሽ ረዘም ይላል ግን እስቲ ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡልኝ። አዳማ ላይ የቤተሰብ ዱቄት ፋብሪካ አለን፣ አባታችን ከ20 ዓመት በላይ ለፍተው ያቆሙት ነው፣ ስንዴ ገዝተን እንፈጫለን፣ ፉርኖውን ለዳቦ ቤት ፉርሽካውን ለከብት አድላቢ እንሸጣለን፣ ብድር የሚባል ነገር በቤታችን ታውቆ አያውቅም። አምና ሐምሌ ላይ ከኛ ራቅ ብሎ ያለ ሌላ ዱቄት ፋብሪካ ሊሸጥ ነው ተባለ፣ ባለቤቱ ዕድሜያቸው ገፍቷል ልጆቻቸውም ውጭ ናቸው፣ ተነጋገርንና በ80 ሚሊዮን ብር ተስማማን። 60ውን ከባንክ በ17 ፐርሰንት ተበደርን፣ 20ውን ከራሳችን ካሽ ከፈልን። ቁጥሮቹን ለሂሳብ እንዲመች አጠጋግቻቸዋለሁ።

የኛ ፋብሪካ በፊት ከታክስ በፊት 14 ሚሊዮን ያተርፋል፣ ታክስ ከተከፈለ በኋላ 9.8 እጃችን ላይ ይቀራል። የተገዛው ደግሞ የሦስት ዓመት ሂሳቡን አገላብጠን አይተናል፣ የማሽን እርጅና ሳይቀነስ በዓመት 15 ሚሊዮን ያስገባ ነበር። አባቴ በቃላቸው አስልተው "14 እና 15 ሃያ ዘጠኝ፣ ወለድ 10 ቢወጣ 19 ይቀራል" ብለው ነው የገቡበት፣ እኔም እውነት ለመናገር ልክ መስሎኝ ነበር።

አሁን ሰኔ 30 ሂሳብ ተዘጋ። የሁለቱ ድምር 29 መሆን ሲገባው 25 ብቻ ነው የመጣው፣ የተጣራው ትርፍ ደግሞ 7.5 ሚሊዮን ነው። ሁለት ፋብሪካ ይዘን ከአንዱ ያነሰ! የሂሳብ ሠራተኛዋ ወረቀቱን ስትሰጣቸው አባቴ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠርገው እንደገና አነበቡት፣ ከዛ ምንም ሳይናገሩ ወደ መጋዘን ወጡ፣ ማታም እራት አልበሉም። በጣም የሚያሳስበኝ ግን አዲሱን ፋብሪካ የሚያስተዳድረው ታናሽ ወንድሜ ነው። ስንዴ ለሁለቱም በአንድ ላይ ነው የምንገዛው ሂሳቡም አንድ ላይ ነው፣ ታዲያ 4 ሚሊዮን ሲጎድል ቤት ውስጥ ሰዉ ሁሉ አፉን ባይከፍትም ዓይኑ እሱ ላይ ነው። ልጁ ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ሌሊት ሲፈጭ አብሮ የሚያድር ልጅ ነው። ትርፉ የት እንደገባ በቁጥር ካላሳየኋቸው ቤታችን ሊበላሽ ነው። እባካችሁ።

ሒሳብ አዋቂ፦

ወንድሜ በመጀመሪያ ልጁን ተዉት። ኦዲት ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው፣ እንዲህ አይነት ጉዳይ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፣ ሰረቀ የተባለው አብዛኛውን ጊዜ የግዢው አከፋፈል ነው የሚሆነው።

የአባታችሁን ስሌት እንይ። 29 ሲሉ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የደመሩት። የናንተ 14 ሁሉም ወጪ ተቀንሶለት ነው፣ የሰውየው 15 ግን ዲፕሪሲዬሽን፣ ማለትም የማሽን እርጅና ተቀናሽ፣ ያልተነካበት ነው። ማሽን ያረጃል፣ ሮለሩ ይበላል፣ ወንፊቱ ይቀየራል፣ በ80 ሚሊዮን የተገዛ ንብረት ደግሞ በመዝገባችሁ በአዲሱ ዋጋ ነው የሚገባው ስለዚህ ተቀናሹም ከድሮው ባለቤት ይበልጣል። የናንተን ቁጥር ወደኋላ ሄጄ ስሠራው በዓመት 4 ሚሊዮን አካባቢ ነው የሚመጣልኝ። እንግዲህ ሁሉ ነገር በሰላም ሄዶ 29 ገብቶ ቢሆን እንኳ፣ 10.2 ለወለድ (የ60ው 17 ፐርሰንት)፣ 4 ለእርጅና፣ 14.8 ይቀራል፣ 30 ፐርሰንት ግብር ሲወጣ 10.36። በፊት 9.8 ነበር። 80 ሚሊዮን ብር አፍስሳችሁ፣ የአባታችሁን ዕረፍት ሰጥታችሁ፣ ምንም እንከን ባይኖር የምታገኙት ጭማሪ 560 ሺ ብር ነው።

ለምን መሰለህ፣ ፋብሪካው እርጅናው ተቀንሶ 11 ሚሊዮን ያስገባል፣ 11ን ለ80 ስታካፍለው 13.75 ፐርሰንት ነው። ባንኩ የሚወስደው ግን 17 ነው። ከባንክ የመጣው እያንዳንዱ መቶ ብር 13.75 ይዞ ገብቶ 17 ይዞ ይወጣል። ፋብሪካው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ጥሩ ፋብሪካ ነው የገዛችሁት፣ ግን በዛ ወለድ ለመግዛት 80 ውድ ነበር። ያው 11 ሚሊዮን በ17 ፐርሰንት ወለድ የሚሸከመው ዋጋ 65 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ሰው ሲገዛ ዋጋውን ለብቻ ብድሩን ለብቻ ይደራደራል፣ ሁለቱ ግን አንድ ጉዳይ ናቸው።

ይሄ ሁሉ ግን ጎደለ ያልከውን 4 ሚሊዮን አያስረዳም፣ እሱ ከወለድ በፊት ነው የጎደለው። ሁለት ነገር ንገረኝ፣ ያ 20 ሚሊዮን ካሽ ባትገዙበት ኖሮ ምን ይሠራበት ነበር? ዘንድሮ ስንዴ የገዛችሁትስ በየትኛው ወር ነው?

አስመጪው፦

ኧረ ሰዎች እንዲህ አታስፈራሩት። ብር እየረከሰ ባለበት አገር ብድር ያልወሰደ ነው የሚከስረው። ዛሬ የተበደርከው 60 ሚሊዮን ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ይገዛል? ፋብሪካው ግን መሬቱም ማሽኑም ዋጋው ይጨምራል፣ ያን ጊዜ 80ው ርካሽ ነበር ትላለህ። አባትህ ልክ ናቸው፣ ጠንከር በሉ።

የናዝሬት ልጅ፦

አስመጪው አመሰግናለሁ፣ አባቴም እንዲህ ነው የሚሉት።

ሒሳብ አዋቂ፣ ጥያቄህን ሳነበው ሆዴ ነው የተገለበጠው። ያ 20 ሚሊዮን የስንዴ ብር ነው። ሁሌ ታኅሣሥ ላይ ከአርሲና ከባሌ አዲስ ምርት ሲገባ በአንዴ ገዝተን መጋዘን እንሞላ ነበር፣ ኩንታሉ 4,000 ሲሆን 5,000 ኩንታል ማለት ነው። ዘንድሮ ካሽ ስላልነበረን ዱቄት ሸጠን በሰበሰብነው ልክ ትንሽ ትንሽ እያልን ነው የገዛነው፣ ያን 5,000 ኩንታል ከሚያዝያ ወዲህ በ4,800 ነው ያስገባነው። አሁን ካልኩሌተር ላይ መታሁት፣ 800 ሲባዛ በ5,000፣ ልክ 4 ሚሊዮን። ወንድሜ እኮ በዛን ሰሞን "ስንዴው እየተወደደ ነው አባዬ" እያለ ሲጨቀጭቅ ነበር፣ ማንም አልሰማውም።

ሒሳብ አዋቂ፦

በቃ አገኘኸው።

ይሄን ለአባትህ በደንብ አስረዳቸው፣ ምክንያቱም ሰዉ ሁሉ የራሴ ካሽ ነው ወለድ የለውም ብሎ ነው የሚያስበው። ያ 20 ሚሊዮን ስንዴ ላይ ሆኖ በዓመት 4 ሚሊዮን ያተርፍላችሁ ነበር፣ 20 ፐርሰንት ማለት ነው። ከባንኩ 17 ይበልጣል! ከከፈላችሁት ገንዘብ ሁሉ ውዱ የራሳችሁ ነው፣ ደረሰኝ ስለሌለው ነው ያልታያችሁ። የባንኩ ወለድ ቢያንስ ከግብር በፊት ይቀነሳል፣ 10.2 ከፍላችሁ 3 ሚሊዮን ያህሉ በግብር ቅነሳ ተመልሶላችኋል።

ለአስመጪው፣ ያልከው ውሸት አይደለም፣ መሬቱ ዋጋ ይጨምር ይሆናል። ግን ባንኩ ክፍያውን የሚጠይቀው በየሩብ ዓመቱ በጥሬ ብር ነው፣ የግቢው ዋጋ ጨምሯል ብሎ አይታገስህም። መሬት የተወደደለት ግን ደሞዝ መክፈል ያቃተው ፋብሪካ አይቻለሁ።

ከቨርጂኒያ፦

ሰላም ወገኖች፣ እዚህ አገር ኩባንያ ሲገዛና ሲሸጥ በጀት የሚሠራ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። የናዝሬቱ ልጅ ታሪክ በጣም ነካኝ ምክንያቱም እዚህ በቢሊዮን ዶላር የሚሠራው ስህተት ያው የናንተው ነው፣ ዜሮው ብቻ ነው የሚበዛው።

ቶይስ አር አስ የሚባል የአሻንጉሊት መደብር ነበር፣ አሜሪካ ልጅ ያሳደገ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል፣ የቀጭኔው ምልክት ያለው። በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው) ኬኬአር፣ ቤይን ካፒታልና ቮርናዶ የሚባሉ ሦስት ባለሀብቶች በ6.6 ቢሊዮን ዶላር ገዙት፣ ከራሳቸው ኪስ ያወጡት 1.3 ቢሊዮን አካባቢ ነው፣ ሌላው ብድር። እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ ብድሩ በገዢዎቹ ስም አይደለም፣ የተገዛው ኩባንያ ራሱ ነው የተሸከመው። አንድ ሰው በሬ ገዝቶ ዕዳውን በሬው እያረሰ ይክፈል እንደማለት ነው፣ በሬው ከታመመም የገዢው ቤት አይነካም። ከዛ በኋላ መደብሩ በዓመት ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለወለድ ብቻ ሲከፍል ኖረ። ሽያጩ እስከ መጨረሻው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር እኮ፣ ሰው መግዛት አላቆመም፣ ግን ሥራው ያተረፈውን ወለዱ እየወሰደው ሱቆቹን ማደስ፣ ኦንላይን ላይ ከአማዞንና ከዋልማርት ጋር መፎካከር አልቻለም። መስከረም 2017 ኪሳራ አወጀ፣ በ2018 አሜሪካ ውስጥ ያለው ሱቅ በሙሉ ተዘጋ፣ ከ30 ሺ በላይ ሠራተኛ ሜዳ ላይ ወደቀ። ብዙዎቹ 20ና 30 ዓመት የሠሩ ነበሩ፣ መጀመሪያ የስንብት ክፍያ እንኳ አልነበረም፣ ሰልፍ ወጥተው ጮኸው ነው ኬኬአርና ቤይን 20 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ ያቋቋሙት። ይሄንን ባነሳሁ ቁጥር ያናድደኛል፣ ውሳኔውን ያልወሰነው ሰው ነው ዋጋውን የከፈለው። ያንተን ወንድም ነገር ሳነብ የመጣብኝም እሱ ነው።

ብድር ሁሉ ግን ይገድላል ማለቴ አይደለም። ኤቢ ኢንቤቭ የሚባለው የቢራ ኩባንያ በ2016 ሳብሚለርን ገዛ፣ ሳብሚለር አምቦ ውሃ ውስጥ ድርሻ የነበረው ነው። ዋጋው ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ቦንድ፣ ማለትም የብድር ሰነድ፣ ጥር ላይ ሸጠው 46 ቢሊዮን ሰበሰቡ፣ ግዢው ያለቀው ግን ጥቅምት ላይ ነው፣ ብሩ ቁጭ ብሎ ወለድ ሲቆጥርባቸው ከረመ። የዛን ዓመት ለባለአክሲዮኖች የደረሰው ትርፍ ከ8.3 ቢሊዮን ገደማ ወደ 1.2 ቢሊዮን ወረደ፣ ወለድና ሌሎች የፋይናንስ ወጪዎች ናቸው አብዛኛውን የበሉት፣ ቢራው እየተሸጠ። በ2018 የትርፍ ክፍፍሉን ለግማሽ ቆረጡት፣ በ2020 ደግሞ አውስትራሊያ ያለውን ሥራቸውን በ11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለአሳሂ ሸጡና ዕዳ ከፈሉበት። ኩባንያው ግን ዛሬም አለ። በኔ እይታ ያተረፋቸው ለመሸጥ የሚሆን ነገር መኖሩና ለመሸጥም ሳያፍሩ መቁረጣቸው ነው።

ስለዚህ የናዝሬት ልጅ ልጠይቅህ፣ ሁለት ፋብሪካ ሲሆኑ ሁለት ቦታ የያዛችሁት ነገር የለም? መጋዘን? መኪና?

ትዕግሥት ከብድር ክፍል፦

ባንክ ብድር ክፍል ነው የምሠራው፣ የትኛው ባንክ እንደሆነ አልናገርም። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የምናየው መያዣውን ነው፣ ቤት አለ? ሕንፃ አለ? ግምቱ ስንት ነው? ከሆነ ይፈቀዳል። ፋብሪካው ከነወለዱ ራሱን ይከፍላል ወይ የሚለው ጥያቄ ፎርሙ ላይ አለ ግን መያዣው ጠንካራ ከሆነ ማንም አጥብቆ አይጠይቀውም። አባትህ ባንኩ ከፈቀደልኝ አዋጭ ነው ማለት ነው ብለው አስበው ይሆናል፣ ብዙ ደንበኛ እንዲህ ነው የሚያስበው፣ ባንኩ ግን ያየው ዕዳው ባይከፈል ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን እንደሚያገኝ ነው። ይሄን ስናገር ይከብደኛል ግን እውነቱ ይሄ ነው።

አንድ የምጠይቅህ ነገር አለ። አምና ዋናውን ብድር መክፈል ጀምራችኋል ወይስ የእፎይታ ጊዜ ነበራችሁ? 10.2 ሚሊዮን ሙሉ ወለድ ከከፈላችሁ እፎይታ ላይ ነበራችሁ ማለት ነው። የአምስት ዓመት ብድር ከሆነ ከዘንድሮ ጀምሮ ከወለዱ ሌላ በዓመት 12 ሚሊዮን ዋና ገንዘብ ይመጣል። እሱ ደግሞ ወጪ ስላልሆነ ትርፍና ኪሳራ ላይ አይታይም፣ የሚታየው ካዝናው ላይ ነው። እንዳምናው 7.5 ብታተርፉ እርጅናውን 4 ስትመልሱበት 11.5 ካሽ ነው ያላችሁ፣ ወለዱ ትንሽ ቢቀንስላችሁም እጃችሁ ባዶ ነው የሚቀረው። ታኅሣሥ ሲመጣ ደግሞ ስንዴ መግዣ የለም፣ እንደገና በውድ ትገዛላችሁ፣ ከዛ ኦቨርድራፍት፣ ማለትም ከሂሳባችሁ በላይ ማውጣት፣ ትጠይቃላችሁ፣ እኛ ጋ ብዙ ጥሩ ደንበኛ የተበላሸው በዚህ መንገድ ነው።

ሳይዘገይባችሁ ሂዱና ብድሩ ከአምስት ወደ ስምንት ዓመት እንዲራዘም ጠይቁ። አንድም ክፍያ ሳይዘገይ የመጣ ደንበኛ ይሰማል፣ ሁለት ክፍያ አሳልፎ የመጣ ግን ሌላ ጠረጴዛ ነው የሚላከው። ለመኸር ስንዴ ብቻ የሚሆን የአጭር ጊዜ የሥራ ማስኬጃ ብድርም ለይታችሁ ጠይቁ፣ ስንዴው ተሸጦ የሚዘጋ። በ17 ፐርሰንት እንኳ ብትበደሩት 20 ያተርፍላችኋል፣ ወንድሞቼ ከላይ ባሰሉት መሠረት።

መምህር ነኝ፦

አንድ የተረሳ መንገድ ልጨምር። በአክሲዮን መክፈልም አለ። ዲዝኒ በፈረንጆቹ 2006 ፒክሳር የሚባለውን የካርቱን ፊልም ሠሪ በ7.4 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ በካሽ አልከፈለም፣ የራሱን አክሲዮን ነው የሰጠው፣ ስቲቭ ጆብስ በዛ ምክንያት የዲዝኒ ትልቁ ግለሰብ ባለድርሻ ሆነ። ወለድ የለም፣ ሻጩም ከገዢው ጋር አብሮ ያተርፋል አብሮ ይጎዳል። ግን ነፃ አይደለም፣ ትርፉ ለብዙ ሰው ይካፈላል፣ ዋጋው ከበዛም አያድንም። ኤኦኤል የሚባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ታይም ዋርነር የሚባለውን የሚዲያ ኩባንያ የገዛው በአክሲዮን ነበር፣ በ2002 የተዋሃደው ኩባንያ ወደ 99 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ፣ አብዛኛው ከልክ በላይ የተከፈለበትን የስም ዋጋ ከመዝገብ ሲሰርዙ የመጣ ነው።

እዚህም አገር ውስጥ ገዢው ብሩን ከየት እንዳመጣው መታየት አለበት። ዲያጆ የሚባለው የእንግሊዝ መጠጥ ኩባንያ ሜታ ቢራን በፈረንጆቹ 2012 በ225 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ ዶላር 18 ብር አካባቢ ነበር፣ በ2022 ለካስትል ሲሸጠው ከ50 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር ገዝተህ በብር የምትሸጥ ከሆነ ባንክ ባትበደርም ምንዛሪው ራሱ እንደ ወለድ ይወስድብሃል።

ወደ እናንተ ስመለስ፣ ሻጩ ሽማግሌ ከ80ው ውስጥ 20ውን በድርሻ ቢወስዱ ኖሮ የስንዴው ብር አይነካም ነበር። አሁን ካሹን ወስደዋል፣ ግን ውጭ ያሉት ልጆቻቸው የአባታቸው ፋብሪካ ላይ ድርሻ ቢቀርብላቸው እምቢ ይላሉ ብዬ አላስብም። መጠየቅ አይከፋም።

የናዝሬት ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ትናንት ማታ የጻፋችሁትን በሙሉ በወረቀት ገልብጬ አባቴ ፊት አስቀመጥኩት። ስለ 560 ሺው ሳነብላቸው ዝም አሉ። የስንዴው ጋ ስደርስ ግን ወረቀቱን ተቀብለውኝ 800 ሲባዛ 5,000 የሚለውን ራሳቸው በእስክሪብቶ ሠሩት፣ ሁለቴ። ከዛ "ያንን ልጅ ጥራው" አሉኝ። ወንድሜ ዱቄት እንደለበሰ መጣ፣ የሚቆጡት መስሎት በር ላይ ነው የቆመው። አባቴ "ስንዴው እየተወደደ ነው ብለኸኝ ነበር፣ አልሰማሁህም" አሉት፣ ከጎናቸው ወንበር ሳቡለት። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች፣ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ።

ትዕግሥት ልክ ነሽ፣ የእፎይታ ጊዜ ላይ ነበርን፣ የመጀመሪያው የዋና ብድር ክፍያ መስከረም መጨረሻ ነው። አባቴና እኔ ማክሰኞ ባንክ እንሄዳለን፣ ስምንት ዓመት እንጠይቃለን፣ የስንዴውንም ለይተን። ከቨርጂኒያ የጻፍከው ወንድማችን ለጠየቅከኝ፣ አዎ አለ፣ ከፋብሪካው ጋር አብሮ የመጣ ሞጆ ላይ ያለ መጋዘን አለን፣ ዓመቱን ሙሉ ግማሹ ባዶ ነው፣ አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪናም ቆሞ ነው ያለው። መኪናውን እንሸጣለን፣ መጋዘኑን ግን ወንድሜ አይሸጥ እናከራየው ነው የሚለው፣ አባቴም እሱ ያለው ይሁን ብለዋል። ለሽማግሌው ልጆችም አባቴ ራሳቸው ሊደውሉ ነው።

ትዕግሥት፣ ማክሰኞ ምን ምን ወረቀት ይዘን እንሂድ?

ትዕግሥት ከብድር ክፍል፦

ኦዲት የተደረገውን ሂሳብ፣ የሁለቱንም ፋብሪካ የወር ሽያጭ፣ የታኅሣሡንና የሚያዝያውን የስንዴ ግዢ ደረሰኝ ጎን ለጎን አድርጋችሁ። የመጋዘኑ ኪራይ ውል ከተፈረመ እሱንም ጨምሩ፣ ካልተፈረመም ተከራዩ የጻፈው ደብዳቤ ይበቃል። ወንድምህንም ይዛችሁት ሂዱ፣ የብድር ባለሙያው ስለ ምርቱ የሚጠይቀውን የሚመልሰው እሱ ነው።